ልባሽ ለብሶ መኩራት

እንግሊዝ አገር የሥራ ባልደረባህን «ካፖርትሽ ሲያምር!» በላት። «ከቻሪቲ ሱቅ ነው፣ በ12 ፓውንድ!» ትልሃለች። ዋጋውን ማንም አልጠየቃትም። ጎንደር ፒያሳ ላይ ደግሞ አንዱን «ይሄን ጃኬት ከየት አመጣኸው?» ብትለው «ወንድሜ ከውጭ ልኮልኝ ነው» ይላል። ውጭ ያለ ወንድም የለውም እኮ። ጃኬቱ የቅዳሜ ገበያ ሰልባጅ ነው፤ ሰፈሩም ያውቃል፣ ግን ማንም አይናገርም።

ጎንደር ተወልጄ ለንደን የምኖር ሰው ነኝና ሁለቱንም ገበያ አውቃቸዋለሁ። ሁለቱም ጋ እገዛለሁ። ልብሱ ያው ነው፤ ወሬው ነው የሚለየው።

ቻሪቲ ሱቅ ማለት ሰው በነጻ የሰጠውን ልብስ፣ መጽሐፍና የቤት ዕቃ እየሸጠ ገቢውን ለበጎ አድራጎት የሚያውል ሱቅ ነው። በመላው ብሪታንያ ከ10,000 በላይ አሉ። ከሚያገለግሉት ብዙዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ጡረታ የወጡ እናቶች ይበዙባቸዋል። መንግሥትም እጁን ይዘረጋል። በስጦታ የመጣ ዕቃ ሲሸጡ የተጨማሪ እሴት ታክስ የለባቸውም። ልብሱን የሰጠው ሰው ግብር ከፋይ ሆኖ ፎርም ከሞላ ደግሞ በእያንዳንዱ 1 ፓውንድ ሽያጭ ላይ 25 ፔንስ ከመንግሥት ይጨመራል። ስሙ የገነነው ኦክስፋም የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው፤ ያኔ ዓላማው በጦርነቱ ለተራቡት ግሪኮች እህል ማድረስ ነበር። በእኛው በ1977ቱ ድርቅ ጊዜም አገራችን ገብቶ ሠርቷል። ዛሬ የዚያ ዘመን ልጆች እዚያው ሱቅ ገብተን ሹራብ እናማርጣለን።

ማማረጥ ግን ሙያ ይጠይቃል። አዲስ መጤ ሐበሻ ብዙ ጊዜ «ሀብታም ሰፈር ሂድ» ተብሎ ይመከራል። ቼልሲ ወይም ሃምፕስቴድ ሄዶ ዋጋውን ሲያይ ደንግጦ ይወጣል። እዚያ ያሉት ሠራተኞች የልብሱን ስም ከአንተ በላይ ያውቁታላ! እኔ የምመርጠው ጡረተኛ የበዛባቸውን ትንንሽ ከተሞች ነው። አሮጌ ሰው ልብስ ይይዛል። አንድ የሱፍ ካፖርት ሠላሳ ዓመት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ለቤተ ክርስቲያንና ለቀብር ብቻ ያወጣዋል።

ሱቁ ውስጥ ከዓይን በፊት እጅ ይቅደም። በተሰቀለው ልብስ ላይ መዳፍህን እየጎተትክ እለፍ። ሱፍ፣ ሐርና ጥሩ ጥጥ ራሳቸው ያስቆሙሃል፤ ፖሊስተር ያንሸራትትሃል። ያስቆመህን አውጣና ወደ መስኮቱ ውሰደው። ወደ ብርሃን ከፍ ስታደርገው ብል የበላው ቦታ እንደ ኮከብ ያበራል። ቀጥሎ ብብቱን፣ ኮሌታውን፣ የእጅጌውን ጫፍ። ዚፑን ወደ ላይም ወደ ታችም ሞክር። ገበሩ የተቀደደ ኮት ይሰፋል፣ ቁልፍ ይገዛል፤ ብል የበላው ሱፍ ግን ለቤትህ ሌላ ብል ይዞ ይመጣልና ተወው። ቁጥሩንም አትመን። የድሮ 14 ቁጥር የዛሬ 10 ነው።

ለነገሩ ቻሪቲ ሱቅም እንደ ድሮው አይደለም። ጥሩ ጥሩውን ሰው ራሱ በስልኩ ቪንትድ በሚባል የልባሽ መሸጫ መተግበሪያ ላይ ይሸጠዋል። ሱቆቹም ደህናውን ለይተው ኢንተርኔት ላይ ያወጡታል። መደርደሪያው ላይ የሚቀርልህ ብዙ ጊዜ ፕራይማርክ ከሚባለው የርካሽ ልብስ መደብር የተገዛ ቲሸርት ነው፣ ያውም ከአዲሱ ብዙም በማይርቅ ዋጋ። ይሄ እንኳን ዓይን ያወጣ ነገር ነው።

ከሚመጣው ልብስ ብዙው የሟች ነው። ወላጅ ሲሞት ልጆች ቤቱን ያጸዱና በጥቁር ከረጢት አምጥተው ያራግፋሉ። ይህን ለአክስቴ ባወራት ያመጣሁላትን ሹራብ ከላይዋ አወለቀችው። «የሙት ልብስ ነው እንዴ ያለበስሽኝ? በአርባ አራቱ ታቦት!» ጠበል ረጭታበት፣ ፀሐይ ላይ አውላው በማግስቱ ለበሰችው። የሟች ልብስ ለካህን ወይም ለድሃ መስጠት እኛም አገር ያለ ነው። ልዩነቱ ከእኛ የሚቀበለው ሰው የሟቹን ስም ያውቃል፤ ነፍስ ይማር ብሎ ይለብሳል።

ሱቅ ውስጥ ያልተሸጠው ደግሞ በኪሎ ለነጋዴ ይሸጣል። ተለይቶ፣ ተጠፍጥፎ፣ ቦንዳ ሆኖ ይታሰርና ባሕር ይሻገራል። የጋናው ካንታማንቶ ገበያ በዚህ ነው የሚታወቀው። የእኛ መንግሥት ግን ልባሽ ጨርቅ ለንግድ እንዲገባ አይፈቅድም። ጉምሩክ ያዝኩ ካላቸው የኮንትሮባንድ ዕቃዎች መካከል ልባሽ ጨርቅ የማይጠፋው ለዚህ ነው። የአገር ውስጥ ጨርቃ ጨርቅን ለመጠበቅ ነው ይባላል፤ ምክንያቱ አይጠላም። ይሁንና ጎንደር ለመተማ ቅርብ ናት። ሕጉ እያለ ሰልባጁም አለ።

ቅዳሜ ገበያ ላይ መሬት ከተዘረገፈው ክምር በላይ የተሰቀለ አለ። የተሰቀለው ታጥቦ የተተኮሰ ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ። ነጋዴዋ ደንበኞቿን ለይታ ታውቃለች። መምህራንና የባንክ ሠራተኞች «ቦንዳ ስትፈቺ ደውይልኝ» ብለው ስልክ ትተውላታል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ ከክምሩ ውስጥ እስከ ክርን ገብተው ይፈልጋሉ። በኋላ ማራኪ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ሽክ ብለው ስታያቸው ከየት እንዳወጡት አይገባህም።

እዚያ ክምር ውስጥ ነው ግራጫ ኮት ያገኘሁት። ከባድ፣ ሻካራ፣ ቁልፎቹ ቆዳ። ገበሩ ላይ ክብ ነገርና በላዩ መስቀል ያለበት ምልክት ተሰፍቷል። ሃሪስ ትዊድ! ይህ በስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች ብቻ የሚሠራ የሱፍ ጨርቅ ነው። ሸማኔው እንደ እኛ ሸማኔ ቤቱ ተቀምጦ በእጅ ካልሸመነው ያን ምልክት እንዳይለጠፍበት እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ሕግ አለው። ለንደን ቢሆን ለብቻው መስኮት ላይ ይሰቀል ነበር። ነጋዴዋን ጠየቅኳት።

«እታለም፣ ይሄ እኮ የቄስ ኮት ነው። መስቀሉን አታዪውም?»

ከጎኑ ላለው፣ ደረቱ ላይ «ናይኪ» ለሚለው ስስ ጃኬት የጠራችው ዋጋ ከዚህ ይበልጣል። አልተከራከርኩም። ማለቴ፣ በዋጋው ተከራክሬአለሁ፤ ስለ ስኮትላንድ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ለአጎቴ ወሰድኩለት። እጅጌው ረዝሞበት ፒያሳ በረንዳ ላይ በእግር መኪና ለሚሰፉ አባት ሰጠናቸው። ገበሩን ፈትተው፣ እጅጌውን ከውስጥ አሳጥረው፣ ገበሩን መልሰው ሲሰፉት ቡና ጠጥተን አልጨረስንም። ለንደን ውስጥ ይህን ሥራ ለማሠራት የምትከፍለው ከኮቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ እዚያ ልክህ ያልሆነ ጥሩ ልብስ እያየኸው ታልፈዋለህ። ሰልባጅን በልክ አድርጎ የሚለብሰው የጎንደር ሰው ነው።

ታዲያ ለምን እናፍራለን? «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ልብስ አዲስ ሆኖ ለበዓል ይወጣል፤ ያገለገለ የለበሰ ደግሞ ማግኘት ያቃተው ተደርጎ ይታያል። የባልደረባዬ ኩራትም ቢሆን ጀግንነት አይደለም። እሷ ብትፈልግ አዲሱን መግዛት እንደምትችል ሁሉም ያውቃል። የአካባቢ ተቆርቋሪ ተብላ ትመሰገናለች። ፒያሳ ያለው ልጅ ያንኑ ቢናገር የሚያመሰግነው የለም፤ እና ወንድም ፈጠረ። አልፈርድበትም።

የምፈርደው በእኛ በዲያስፖራዎቹ ነው። ሁለት ሻንጣ፣ በየሻንጣው 23 ኪሎ ይዘን ስንመጣ ከቻሪቲ ሱቅ የገዛነውን መለያ በጥሰን፣ በአዲስ ፌስታል ጠቅልለን «ላንቺ ብዬ ነው የገዛሁት» እንላለን። ያገለገለ መስጠት ነውር የለውም። ኮሌታው የነተበ፣ እኛ ራሳችን ለሥራ የማንለብሰውን ማምጣት ግን ነውር ነው። ተቀባዩ ዓይን አለው። ሲሸጥ የሚያየው ሰልባጅ እኛ ከምናመጣው የተሻለ የሆነበት ቀን ብዙ ነው።

ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የአክስቴ ልጅ ይህን በትህትና ነግሮኛል። ያመጣሁለትን ጂንስ አገላብጦ አየውና ሳቀ።

«በሚቀጥለው ስትመጪ ልብስ አትሸከሚ። እሱን እኔ እዚሁ አማርጬ እገዛለሁ፤ አንቺ ላፕቶፕ አምጪልኝ። ያገለገለም ቢሆን ችግር የለውም።»