ስሜን ያዙልኝ

ሐዋሳ ላይ የሚደረገው የነሐሴው የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ኮንፈረንስ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ «ስሜን ያዙልኝ» ባዮችም ተነሡ። ልብ በሉ፣ «መዝግቡኝ» አይደለም። «ብሩን እንካችሁ» ደግሞ ከቶ አይደለም። ስሙ ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን አንድ ሰው አቅፎ እንዲያቆይለት ነው የሚፈልገው። የወጣቶች ኅብረት ጸሐፊዋም ትይዝለታለች። ምን ታድርግ፣ ወንድም ነዋ።

የተያዘ ስም ግን ሒሳብ ያናጋል። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሠላሳ ሰው የሚጭን ኮስተር በ45,000 ብር ተነጋገራችሁ እንበል፤ ለእያንዳንዱ 1,500 ይደርሰዋል። ባለመኪናው ስም አይቀበልም፤ ግማሹን ቀብድ ነው የሚለው። የቴሌግራም ግሩፑ ላይ 41 ስም ተይዟል፤ የከፈለው 19 ሰው ነው። ጉድለቱ 16,500 ብር ማለት ነው። ጸሐፊዋ «እባካችሁ ያልከፈላችሁ እስከ ዓርብ» ብላ ትጽፋለች። አንዱ «አሜን» ይላል። ሌላው «ተባረኪ»። ሦስተኛው ሁለት እጅ የተጋጠመበትን ምስል ልኮ ይሰወራል። እስከ ዛሬ በ«አሜን» ናፍጣ የቀዳ ማደያ አልሰማሁም።

የጉዞው ቀን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። 19 ከፋይ የነበረው 36 ሰው ሆኖ ሻንጣውን ይዞ ይቆማል፤ ግማሹ «እዚያ ስንደርስ እከፍላለሁ» ነው። ትርፍ ከተጫነ ሹፌሩ በትራፊክ ፖሊስ ይቀጣል፣ ቅጣቱንም ከእናንተ ይቀበላል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ ወንበር የሚቆጠረው በደረሰኝ ነው፤ ሠላሳ ሲሞላ ይዘጋል፤ 31ኛው ተጠባባቂ ይሆናል፤ ስክሪንሹት የሚልክም ቀኑ ይታይለታል፣ የአምናውን የሚልክ አለና። ይህን የሚያደርግ ኮሚቴ ግን «ፍቅር የጎደለው» የሚል ስም ይወጣለታል። እሱን ስም ያለ ቀብድ ነው የሚሰጡት።

እንዲህ ያለ ኮሚቴ በተቀመጠ ቁጥር አንድ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ከተረት ሁሉ እሱን እወዳለሁ፤ ሒሳቡ ግን ይከነክነኛል። አንዷ ሎሚ 50 ግራም ብትመዝን ሃምሳው ሁለት ኪሎ ተኩል ነው። ሁለት ኪሎ ተኩል ለማን ነው ሸክም የሆነው? ከመርካቶ ጤፍ ተሸክሞ የሚወጣ ሰው ባለበት አገር! ነገሩ ሲታሰብ ሸክሙ ሎሚው አይደለም። አርባ ዘጠኙ ሰው ለአንዷ ጸሐፊ «የኔን ሎሚ ያዢልኝ» ማለቱ ነው።

ሎሚ ከተነሣ አይቀር፣ መኪና ለሚያጥወለውለው ሰው ሎሚ ማሽተት እናቶቻችን ያቆዩልን ብልሃት ነው። ለሠላሳ ሰው ዐሥር ሎሚ፣ ሃያ ፌስታል ያዙ። ፌስታሉን ቀድማችሁ ውኃ አድርጉበት፤ ታቹ የተቀደደ ፌስታል ምን እንደሚያደርግ አልነግራችሁም። ቁርስ ዳቦና ሻይ ይሁን፣ በቅቤ የራሰ ፍርፍር አይሁን። ግን ሰው ሁሉ በመንገዱ ብቻ ያመካኛል እንጂ የተዘጋ መስኮትም ነገሩን ያብሰዋል። ከሞጆ ወርዳችሁ ወደ መቂና ዝዋይ ስትጠጉ ሙቀቱ ይጨምራል። ሠላሳ ሰው፣ ሠላሳ ጫማ፣ አንድ ቦታ ደግሞ የተላጠ ሙዝ አለ። አንዱ መስኮቱን ጣት የምታህል ሲከፍት ከኋላ «ኧረ ንፋስ ይመታኛል!» ይጮኻል። «መንፈስህ ይንፈስብን» እያለ ሌሊቱን ሲጸልይ ያደረ ሰው ነው ይህን የሚለው! እዚህ ላይ ቀልዴን አቆማለሁ። ሰው እያስመለሰ መስኮት የሚዘጋ ሰው ክፉ ነው፤ ሌላ ቃል የለኝም። መስኮት ዳር የሚቀመጠው መስኮት ለመክፈት የተስማማ ብቻ ነው ተብሎ ከመነሣት በፊት ይነገር።

ከማኅተም ጋር ደግሞ የቆየ ቂም አለኝ። ተቀባዩ ቤተ ክርስቲያን የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። ደብዳቤው ሦስት መስመር ነው፣ ለመጻፍ ዐሥር ደቂቃ። ማኅተሙ ግን መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የመሳቢያው ቁልፍ አንድ ሽማግሌ ኪስ ውስጥ ነው፤ ሽማግሌው ሠርግ ሄደዋል፤ ሠርጉ አምቦ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ከሁለት ሳምንት በፊት ይለቅ፤ ወንድና ሴት በቁጥር ተለይቶ ይጻፍበት። መኝታው የሚደለደለው በዚያ ቁጥር ነው። የሚታደረው ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት ነው፤ ዴስኩ ተደራርቦ ግድግዳ ጥግ ሲቆም አንድ ክፍል ዐሥራ ሁለት ያህል ፍራሽ ይዘረጋበታል። «11 ሴቶች» ብላችሁ 18 ይዛችሁ ከደረሳችሁ ሰባቱ ኮሪደር ያድራሉ፤ ከዚያ የሰባት እናቶች ስልክ ይመጣል። እናቶቹ ሲጀመርም ልጆቻቸውን የፈቀዱት «እትዬ እገሊት አብረው ያድራሉ» ተብለው ነው። እትዬ እገሊትም ስማቸውን ያስያዙ ናቸው፤ አልመጡም።

ሐዋሳ ለዚህ ዓይነት ጉባኤ እንግዳ አይደለችም። በ1950ዎቹ መጨረሻ የስዊድን ፊላደልፊያ ሚሲዮን እዚያ በክረምት በሚያዘጋጀው የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ተማሪዎች ይሰበሰቡ ነበር። ቴሌግራም የለ፣ ኮስተር የለ። ኋላ በደርግ ጊዜ ብዙ ጸሎት ቤት ተዘግቶ ኅብረቱ ወደየቤቱ ሲገባ «ስም መያዝ» ሌላ ትርጉም ነበረው፤ የሚይዘው ቀበሌ ነበር። ያኔ ሰው ስሙ እንዳይያዝ እየተጠነቀቀ ራሱ ይገኝ ነበር። የዛሬው ስሙን አስይዞ ራሱ ይቀራል።

ወዴት ወዴት ሄድኩ? ፍራሹን ረስቼው ነበር። የስፖንጅ ፍራሽ ተጠቅልሎ፣ በሁለት ቦታ ታስሮ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ ነው ጣሪያ ላይ የሚወጣው። የነሐሴ ዝናብ የጠጣ ስፖንጅ ኮንፈረንሱ ሳያልቅ አይደርቅም። አጎበርም እዚያው ውስጥ ይጠቅለል፤ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ወባ ደግሞ ከ2,000 በታች አገሯ ነው። ስም የግድ መያዝ ካለበትም ፍራሹ ላይ ነው፤ በማርከር፣ በትልቁ፣ ከላስቲኩ ውጭ። ሠላሳ አንድ ዓይነት ፍራሽ ማታ በባትሪ ብርሃን ሲወርድ የፍቅር መጠን ይለካል።

12 ሰዓት ሊነሣ የነበረው ኮስተር 2 ተኩል ላይ ተንቀሳቀሰ እንበል። ገመዱ ጠብቋል፣ ሎሚው ተቆጥሯል፣ አንድ መስኮት እንኳ ተከፍቷል። ቱሉ ዲምቱ ላይ ክፍያ መግቢያውን እንዳለፉ የጸሐፊዋ ስልክ ይጮኻል።

«እህቴ፣ የት ደረሳችሁ? ስሜ ተይዟል እኮ፤ ትንሽ ቆም በሉልኝ።»

የፍጥነት መንገዱ ላይ መቆም ክልክል ነው።