ቀኑ ያለፈበት ታፔላ

ከኮምቦልቻ ተነስቶ የሐረጎን ዳገት በመውጣት ደሴ የሚገባ፣ ከደሴም ወደ ሐይቅ የሚወርድ መንገደኛ በየመንገዱ ዳር የቆሙትን የፕሮጀክት ታፔላዎች ልብ ብሎ ቢያነብ ስለ ሥራ አመራራችን ብዙ ነገር ይረዳል። ታፔላው የአሠሪውን፣ የአማካሪውንና የተቋራጩን ስም፣ የውሉን ዋጋ፣ ሥራው የተጀመረበትንና የሚጠናቀቅበትን ቀን ይዘረዝራል። አንዳንዶቹ የማጠናቀቂያ ቀናቸው ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ቀለማቸውን ፀሐይ በልቶታል፤ ከኋላቸው ያለው ሕንፃም ፌሮው ወደ ላይ እንደተቀሰረ፣ አጣናው እንደተደገፈ ቆሟል። ሥራ መዘግየቱስ በየትም አገር ያለ ነው። ለእኔ ትዝብት የሆነብኝ ያ ያለፈ ቀን በነበረበት መቀመጡ፣ ከአሠሪውም ሆነ ከተቋራጩ ወገን «አሁን የሚያልቀው በዚህ ወር ነው፤ የዘገየውም በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ የሚያርመው ሰው መጥፋቱ ነው።

እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ የአገራችን ሰው በብዛት በሚገኝባት በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ሲሆን እንጀራዬም የግንባታ መርሐ ግብር ማዘጋጀትና መከታተል ነው። ወሎ ስገባ ዘመዶቼ «እናንተ አገር ሁሉም ነገር በቀኑ ያልቃል አሉ» ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር አያልቅም። በዚያችው ከተማ እምብርት የአውቶቡስና የባቡር መናኸሪያ ግንባታ እ.ኤ.አ. በ2008 ተጀምሮ በ2011 አገልግሎት እንዲሰጥ ታቅዶ ነበር። ሥራው ሊገባደድ ሲል በአርማታው ላይ ስንጥቅ ታየ፤ ውፍረቱም በንድፉ ከተጻፈው በታች የሆነባቸው ቦታዎች ተገኙ፤ ሲጠገንና ሲያከራክር ቆይቶ የተከፈተው በ2015 ነው። ከአጠገቡ የሚያልፈው ፐርፕል ላይን የተባለው የቀላል ባቡር መስመር፣ 26 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 21 ጣቢያዎች ያሉት፣ በ2017 ግንባታው ሲጀመር በ2022 እንደሚከፈት ተነግሮለት ነበር። በ2020 ዋናው ተቋራጭ በወጪና በጊዜ ክርክር ጥሎት ወጣ፤ ሌላ ተቋራጭ ተተካ፤ መክፈቻውም ወደ 2027 መጨረሻ ተገፋ። በሰዓት አክባሪነት ምሳሌ የሚጠቀሱት ጀርመኖች እንኳ የበርሊንን አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ግንባታ በ2006 ጀምረው በ2011 ሊከፍቱት አቅደው የከፈቱት በ2020 ነው።

የአሜሪካና የእኛ መንገድ የሚለያየው ከመዘግየቱ በኋላ ነው። የሲልቨር ስፕሪንጉ መናኸሪያ ሲሰነጠቅ የአካባቢው አስተዳደር ገለልተኛ መሐንዲሶች ቀጥሮ አስመረመረ፤ ጥፋቱ የንድፍም፣ የግንባታም፣ የቁጥጥርም መሆኑን የሚያሳየው ዘገባ በ2013 ለሕዝብ ይፋ ሆነ። የባቡሩም ቀን ሲገፋ የተጨመረው ገንዘብና ምክንያቱ፣ ማለትም ከመሬት በታች ያሉ የውኃና የኤሌክትሪክ መስመሮችን የማዛወሩና መሬት የማስለቀቁ ሥራ መጓተት፣ በአደባባይ ተነግሯል። ሰው ተናዷል፤ ጋዜጣ ወቅሷል፤ በመስመሩ ዳር ያሉ ነጋዴዎች ገበያችን ቀዘቀዘ ብለው አማረዋል። ያም ሆኖ አዲሱ ቀን ስንት እንደሆነ የጠየቀ ሁሉ መልስ ያገኛል። ወሎ ውስጥ ስለ ቆመ ሥራ ኃላፊውን ብትጠይቁት የምታገኙት መልስ «አብሽሩ፣ ይደርሳል» ነው፤ ከልብ የመነጨ ደግነት አለበት፣ ቀን ግን የለበትም።

የሙያው መሣሪያዎች ዋና ዓላማም ይኸው እርማት ነው። ሄንሪ ጋንት የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ ያስፋፋው፣ ዛሬ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉ በኤክሴል የሚሠራው የጋንት ሰንጠረዥ ትልቁ ጥቅሙ የታቀደውንና የተሠራውን ጎን ለጎን ማሳየቱ ነው። በየቢሮው ግድግዳ ላይ የማየው ግን ለጨረታ ሰነድ ማያያዣነት በቀለም አሸብርቆ የታተመውን የመጀመሪያውን ቅጂ ነው፤ የተሠራውን የሚያሳየው ሁለተኛ መስመር የለውም። ዱፖንትና ሬሚንግተን ራንድ የተባሉት ኩባንያዎች በ1957 የጀመሩት የወሳኝ መስመር ስሌት ደግሞ አንድ ጥያቄ ይመልሳል፦ ከተዘረዘሩት ሥራዎች መካከል አንድ ቀን ቢዘገዩ መላውን ፕሮጀክት አንድ ቀን የሚያዘገዩት የትኞቹ ናቸው? የቀሩት ሥራዎች መጠባበቂያ ጊዜ ስላላቸው ትንሽ ቢንከባለሉ ችግር የለም። በዓመቱ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለፖላሪስ ሚሳኤል ያወጣው ፐርት የተባለው ዘዴ ለእያንዳንዱ ሥራ ሦስት ግምት ይጠይቃል፤ ሁሉም ቢቀና፣ እንደ ወትሮው ቢሄድ፣ ሁሉም ቢበላሽ። የእኛ ዕቅዶች በአመዛኙ የተጻፉት በመጀመሪያው ግምት ነው።

ወሎ ለዕቅድ ወረቀት እንግዳ አይደለም፤ እንዲያውም ጠግቦታል። ከ1977ቱ ድርቅ ወዲህ የእርዳታ ድርጅቶች በየወረዳው ሲመላለሱ ኖረዋል፤ የአሜሪካው የልማት ተራድኦ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1969 ያስጀመረውን ሎግ ፍሬም፣ ግብ፣ ውጤት፣ ተግባር፣ አመልካች እያለ የሚዘረዝረውን ሰንጠረዥ፣ የቀበሌ ልማት ሠራተኛ ሳይቀር በቃሉ ይወጣዋል። የሰንጠረዡ የመጨረሻ ዓምድ «ታሳቢዎች» ይላል። እዚያ ውስጥ «ዝናብ በወቅቱ ይዘንባል፣ ሰላም ይሰፍናል፣ ማኅበረሰቡ ይተባበራል» ተብሎ ይሞላና ፋይሉ ይዘጋል። ፕሮጀክቱን የሚጥለው ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ዝናቡ የዘገየ ዕለት ያን ዓምድ ገልጦ የሚያይ የለም።

በዳያስፖራው የሚደገፉ ትንንሽ ሥራዎችም ከዚህ አላመለጡም። ተሁለደሬ ወረዳ ውስጥ ያለ የአንድ ቀበሌ ተወላጆች ማኅበር ምንጭ አጎልብቶ ውኃውን በስበት ወደ መንደር በማውረድ ቦኖ ለመትከል ገንዘብ አሰባስቧል። ከውጭ ተዘጋጅቶ የተላከው መርሐ ግብር በሳምንት አምስት የሥራ ቀን፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ይቆጥራል። መንደሩ ግን ዓርብ ጁምዓ አለበት፤ ክርስቲያኑ ከእሑድ ሌላ 12ን፣ 21ንና 27ን ያከብራል፤ በገበያ ቀን ዶማ የሚያነሳ የለም፤ በኅዳር ሰው ሁሉ አጨዳና ውቂያ ላይ ነው፤ በጥር ሰርግ ይበዛል፤ በየካቲት በልጉ ከጣለ ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን ይዞ ይወጣል። ይህን ሁሉ ለመመዝገብ ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው፤ የሚያስፈልገው መንደሩን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ መቀመጡ ነው። የምንጩ ልኬትም እንዲሁ ነው፤ በክረምት ማግስት በባልዲና በሰዓት ተለክቶ የተመዘገበው መጠን በበጋው መጨረሻ ከሚገኘው ጋር አይገናኝም፤ ቦኖው የሚተከለው ደግሞ ለበጋው ነው። ለማጠራቀሚያው የሚፈሰው አርማታ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውኃ እየጠጣ መክረም፣ ጥንካሬውም በ28ኛው ቀን መለካት አለበት፤ ይህ ጊዜ በመርሐ ግብሩ ውስጥ መስመር ስላልተሰጠው «ደርቋል» ተብሎ ለመታለፍ የተመቸ ነው።

በዚህ ሥራ ሁሉም የሚጨነቀው ስለ ቱቦው ዋጋ ነበር። ወሳኝ መስመሩ ሲሰላ ግን ቱቦው መጠባበቂያ ጊዜ ያለው ሆኖ ተገኘ፤ ሥራውን ሁሉ ቀፍድዶ የያዘው መስመሩ የሚያልፍበት የአንድ አባወራ ማሳ ነው። እሳቸው ካልፈቀዱ ቦይ አይቆፈርም፤ ቦይ ካልተቆፈረ ቱቦ አይቀበርም፤ ቱቦ ካልተቀበረ ቦኖው ቢሠራም ውኃ አያይም። በመርሐ ግብሩ ላይ ለዚህ ጉዳይ «የማኅበረሰብ ምክክር» በሚል ስም ግማሽ ቀን ተይዞለታል።

ይህንኑ በትልቁ ማየት የሚፈልግ ኮምቦልቻ ይውረድ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2017 ተመርቋል። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ደግሞ በ2012 ለቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ በውል ተሰጥቶ በ2015 ተጀምሯል፤ አካባቢውን ከጅቡቲ ወደብ ጋር ያገናኛል የተባለው እሱ ነው። እስከ ኮምቦልቻ ያለው ሐዲድ ተዘርግቶ ለባቡሩ የሚሆን ኤሌክትሪክ ባለመቅረቡ ሥራ ሳይጀምር ቆየ፤ በ2021 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስም ንብረቱ ተጎዳ። ጦርነቱን ማንም መርሐ ግብር ሊያስቀረው አይችልም ነበር። ሐዲድ የኤሌክትሪክ መስመርን እንደሚጠብቅ ግን ውሉ ከመፈረሙ በፊት የሚታወቅ ነገር ነው፤ የሁለቱ የማጠናቀቂያ ቀናት በአንድ ገጽ ላይ ተጽፈው፣ አንዱ በተንሸራተተ ቁጥር ሌላው መታረም ነበረበት።

ከበጀት ዓመቱም ጋር የሚጋጭ ነገር አለ። በጀቱ የሚለቀቀው ሐምሌ 1፣ ደጋው በጭጋግ ተሸፍኖ መንገዱ ጭቃ በሚሆንበት ወቅት ነው። ጨረታው ወጥቶ ውል እስኪፈረም ጥቅምት ይገባል፤ ከዚያ አጨዳ፣ ከዚያ በልግ፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ገንዘቡ ሰኔ 30 ተመላሽ እንዳይሆን ጥድፊያ ይጀመራል። በዚያ ጥድፊያ የተለሰነ ግድግዳ በሚቀጥለው ክረምት ምን እንደሚመስል የደሴ ሰው ያውቀዋል። ንድፉንና የጨረታ ሰነዱን በሚያዝያ ጨርሶ በጀቱን የሚጠባበቅ ወረዳ በመስከረም ቁፋሮ መግባት ይችላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ገንዘብ ሳይሆን አስቀድሞ ማሰብ ነው።

ስለሚመጣ እንቅፋት አስቀድሞ መነጋገርም ለእኛ ይከብደናል። ጋሪ ክላይን የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረበው ዘዴ የሥራ ቡድኑ ገና ሳይጀምር ተሰብስቦ «ጊዜው አልፎ ፕሮጀክታችን ከሽፏል እንበል፤ ምን ገደለው?» ብሎ ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ሰው ምክንያት ይጽፋል፤ ዝርዝሩም ዕቅዱን ያሻሽላል። እኔ የምሠራበት ቦታ ወጣቱ ባለሙያ አለቃውን ሳይፈራ የሚናገርበት ሰዓት ይኸው ነው። ደሴ ውስጥ በአንድ ስብሰባ ላይ ይህንኑ የሚመስል ጥያቄ ሲነሳ ሰብሳቢው «ምነው፣ ገና ሳንጀምረው አታሟርቱበት!» ብለው በሳቅ አለፉት፤ ቤቱም ሳቀ። ጥያቄውን ያነሳው ወጣት እስከ ስብሰባው መጨረሻ ሁለተኛ አልተናገረም።

ታዲያ ወሎ ሥራ ማስተባበር አታውቅም የሚል ሰው ቅሬ፣ ማለትም የወሎ እድር፣ ምን እንደሆነ አያውቅም። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ የቅሬ መዝገብ በሚጻፍባቸው ቀበሌዎች ሰው ሲያርፍ የቅሬው ዳኛ ረጅም ስብሰባ አይቀመጡም። ለሩቅ ዘመድ መርዶ የሚነግረው፣ መቃብር የሚቆፍረው፣ እንጨት የሚፈልጠው፣ ውኃ የምትቀዳው፣ እንጀራ የምታዋጣው በስም የታወቁ ናቸው። የቀረ በስም ጥሪ ይለያል፤ ይቀጣልም። አንዱ ቆፋሪ ቢታመም ሌላ ይተካል፤ የቀብሩ ሰዓት ቢዛወር ለውጡ ሳይውል ሳያድር ለሁሉም ይዳረሳል። በሙያችን የኃላፊነት መደልደያ ሰንጠረዥ የምንለው ከዚህ ብዙም አይርቅም። በመሥሪያ ቤት ዕቅድ ውስጥ ግን ከባዱን ሥራ ሁሉ ተሸክሞ የሚገኘው «የሚመለከተው አካል» ነው፤ ይህ አካል በስም ጥሪ ላይ ተነስቶ አቤት ሲል ሰምቼ አላውቅም። እርግጥ ቅሬ የአንድና የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ሁሉም ደጋግሞ ስላደረገው በቃል ይዞታል። ዓመት የሚፈጅ፣ ዕቃ ከሩቅ የሚገዛለት፣ አርማታ የሚጠበቅለት ሥራ በቃል አይያዝም፤ ወረቀቱ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ምንጭ የሚጎለብትበት የተሁለደሬው ቀበሌ የውኃ ኮሚቴ አሁን የቅሬውን ልማድና ወረቀቱን አዛምዶ ይሠራል። የኮሚቴው ጸሐፊ በአንድ የተማሪ ደብተር ላይ አራት ዓምድ አስምራለች፦ ሥራው፣ የሠሪው ስም፣ የሚያልቅበት ቀን፣ ካልሆነ ያልሆነበት ምክንያት። ቀን ሲለወጥ የቀድሞው በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ አይፋቅም፤ ገጹንም በየአሥራ አምስት ቀኑ በስልኳ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ለማኅበሩ ትልካለች። ባለፈው በላከችው ገጽ የቦኖው መክፈቻ ከኅዳር ወደ ጥር መጨረሻ ተዛውሯል። በምክንያት ዓምዱ «አጨዳ፤ የማሳው ፈቃድ ገና» ይላል፤ በስም ዓምዱ የቅሬው ዳኛ ሰፍረዋል። አባወራው ቱቦው በማሳቸው ድንበር ዞሮ እንዲሄድ ከተደረገ እንደማይከለክሉ ለዳኛው ነግረዋቸዋል፤ ይህ ደግሞ ተጨማሪ ቱቦ ይጠይቃል። የተጨማሪውን ዋጋ ከኮምቦልቻ ነጋዴዎች ጠይቆ እስከ ቅዳሜ እንዲያሳውቅ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ስም በሚቀጥለው መስመር ላይ ተጽፏል።