ችግሩ ሥዕሉ ሳይሆን አሰቃቀሉ ነው
አንድ ጸሐፊ «የሰፈር ጋለሪዎች ባዶ የሚሆኑት ሕዝቡ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ስለማይገባው ነው» ብለዋል። አልስማማም። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማርሴል ዱሻም በ1917 እ.ኤ.አ. የወንዶች መሽኛ ሳህን እንደ ሥነ ጥበብ ሥራ ለዐውደ ርእይ ሲልክ አዘጋጆቹ ራሳቸው ግራ ተጋብተው ሳያሳዩት ቀርተዋል፤ ግራ መጋባት የተመልካች ብቻ አይደለም።

ባለፈው የገባሁበት ጋለሪ ሥዕሎቹን ከራሴ በላይ ሰቅሎ ሳንጋጥጥ ዋልኩ። የሥዕሉ መሃል ከወለሉ 150 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ቢሆን እኮ ለአብዛኛው ሰው ዐይን ልክ ነው። መስታወት ያለበትማ የመብራት ነጸብራቅ ብቻ፤ ራሴን አይቼ ወጣሁ! ከሥዕሉ አጠገብ የተጻፈውን መግለጫ ሠዓሊው ራሱ የሚረዳው አይመስለኝም። በር ላይ የተቀመጠችው ልጅ ግን ከአሮጌ ጆንያ ስለተሰፋው ሥራ ሁለት ደቂቃ ብታወራኝ፣ ተመልሼ ገብቼ ስፌቱን አንድ በአንድ አየሁት።