ኦቲስቲክ (ኦቲዝም ያለባቸው) ሰዎች ኢንተርቪው ላይ እንጂ ስራው ላይ አይደለም የሚወድቁት
ስለ ኦቲስቲክ ሰዎች ስራ መቀጠር የወጣው ጽሁፍ "መጀመሪያ የኮሚኒኬሽን ስልጠና ይውሰዱ" የሚለው አልተዋጠልኝም። ታናሽ ወንድሜ ኦቲስቲክ ነው፣ አራት ቦታ ኢንተርቪው ገብቶ "እስቲ ስለራስህ ንገረን" ሲሉት ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባውና ዝም ይላል፣ በቃ አለቀ። አምስተኛው ቦታ ግን ኢንተርቪውን ትተው ሁለት ሳምንት ስቶር ውስጥ እቃ እያስቆጠሩ ሞከሩት፣ ሲስተሙ ላይ ካለው ጋር የማይገጥመውን አንድ በአንድ ለቅሞ አወጣላቸው። የጠየቀው ትእዛዝ በጽሁፍ እንዲሰጠውና ሄድፎን ማድረግ እንዲፈቀድለት ብቻ ነው፣ ይሄ ምን ያስወጣል? "ሲመችህ ስራው" ካሉት ይጨነቃል፣ እስከ ስንት ሰአት እንደሆነ ንገሩት ግን ይጨርሰዋል። ከላይ ኮመንት ላይ "ኮምፒውተር ላይ አስቀምጧቸው ሁሉም ጂኒየስ ናቸው" ያልከው ወዳጄ፣ የጀርመኑ የሶፍትዌር ኩባንያ ኤስኤፒ እ.ኤ.አ. በ2013 ኦቲስቲክ ሰዎችን የሚቀጥርበት ፕሮግራም መጀመሩ አሪፍ ነው፣ ግን ሁሉም ሶፍትዌር አይወድም እኮ፣ የኔው ወንድም ኮምፒውተር ሲያይ እንቅልፉ ነው የሚመጣው።