ፈጣሪ መቼ ላከን?

ወገኖቼ፣ ሃይማኖት ተሰደበ ተብሎ ሰው ስለመግደል ዛሬ የምናገረው ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ቅር ያሰኛል። ቅር ይበላችሁ። በሆዴ ይዤው ብዙ ቆይቻለሁ፤ ከዚህ በላይ ግን አልችልም።

ነገሩ የሆነው ከእኛ ርቆ፣ በሰሜን ምዕራብ ናይጄሪያ፣ ሶኮቶ ከተማ ውስጥ ነው። ዲቦራ ሳሙኤል የምትባል ልጅ ነበረች። የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ፣ ሁለተኛ ዓመት። የምታጠናው ሆም ኢኮኖሚክስ ነበር። እንደ ማንኛውም ክፍል የእነሱም ክፍል የዋትስአፕ ግሩፕ ነበረው። ፈተናው መቼ ነው፣ አሳይመንቱ ምንድን ነው እየተባባሉ የሚጠያየቁበት። እዚያ ላይ አንዳንዶች ሃይማኖታዊ መልእክት ይልኩ ጀመር። እሷ ክርስቲያን ናት። ተናደደችና የድምፅ መልእክት ላከች። ይህ ግሩፕ የተከፈተው ለትምህርት ነው፣ በግድ ነው እንዴ ሃይማኖታችሁን የምትልኩብን አለች። ቃሏ ለስላሳ አልነበረም። የተበሳጨች ተማሪ እንደምትናገረው ነው የተናገረችው። መልእክቱን አጥፊው ሲሏትም እምቢ አለች። ምንም አልሆንም አለች።

ምንም አልሆንም ያለችው እኮ አምናቸው ነው። አብረውኝ የሚማሩ ልጆች ናቸው፣ ያውቁኛል፣ ቢበዛ ይሰድቡኛል ብላ ነው። ይህን ሳስብ ነው አንጀቴ የሚቃጠለው።

ግንቦት 4 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ነቢዩን ሰድባለች ተብሎ ወሬው ግቢውን አዳረሰ። ወንዶች ተሰብስበው መጡ። የኮሌጁ ጥበቃዎች ከአደጋ ሊያተርፏት በጥበቃ ክፍል ውስጥ ደበቋት። ፖሊስ ተጠራ። አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ። ሕዝቡ አልበተን አለ። ከተደበቀችበት ጎትተው አወጧት። በድንጋይና በዱላ ደበደቧት። ከዚያም አቃጠሏት። ይህ ሁሉ በስልክ ተቀርጿል። አንዱ ፊቱን እንኳ ሳይሸፍን የክብሪት ሳጥን ለካሜራው እያሳየ ያቃጠልኳት እኔ ነኝ አለ። በኩራት ነበር የሚናገረው። ጽድቅ እንደሠራ ሰው።

ቆይ፣ አላለቀም። ከመጀመሪያው ይልቅ ይቅር ማለት ያቃተኝ ቀጥሎ የመጣው ነው።

ሁለት ተማሪዎች ተያዙ። ክሱ ግን ግድያ አልነበረም። ማሴርና የሕዝብን ሰላም ማደፍረስ ነበር። 34 ጠበቆች ልንከራከርላቸው ብለው ቆሙ። ለሟች አልነበረም የቆሙት። በከተማዋ የያዛችኋቸውን ልቀቁ የሚል ሰልፍ ወጣ፤ የሰዓት እላፊ ታወጀ። የሶኮቶው ሱልጣን፣ የናይጄሪያ ሙስሊሞች መሪ፣ ግድያውን አውግዘው ነበር። ሰልፈኞቹ ወደ እሳቸውም ቤተ መንግሥት ሄደው ጮኹ። ለፕሬዝዳንትነት ሲወዳደሩ የነበሩት አቲኩ አቡበከር በስማቸው በማኅበራዊ ሚዲያ የወጣውን ውግዘት ወዲያው አጠፉት። ሰሜኑ ውስጥ ድምፅ ያስፈልጋቸዋል። ባውቺ በምትባለው ግዛት አንዲት የጤና ባለሙያ ግድያውን የሚያወግዝ ቪዲዮ ለሰው አስተላለፍሽ ተብላ ታሰረች። ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ያለ ዋስትና እስር ቤት ተቀመጠች። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ደግሞ የሁለቱ ልጆች ጉዳይ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ዐቃቤ ሕግ አልመጣም። ተለቀቁ።

የተናገረችው ሞተች። ግድያዋን ያወገዘችው ታሰረች። የገደለው ወደ ቤቱ ገባ።

ይህን ለምን ለእናንተ እነግራለሁ? ወሬው እኛ ዘንድ በደረሰ ጊዜ የተባባልነውን ስለሰማሁ ነው።

ክርስቲያኑ ወዳጄ፣ አንተ ምን አልክ? «አየህ፣ እነሱ እንዲህ ናቸው» አልክ። ሞቷ አላሳዘነህም፤ ደስ ያለህ ነው የመሰለው። ማስረጃ አገኘህ። ሙስሊሙ ወንድሜ፣ አንተስ? «ግድያው ልክ አይደለም፣ ግን እሷስ ምን አስለፈለፋት?» አልክ። ልጅቱ ገና አልተቀበረችም ነበር። እንዴት ነው በሬሳዋ ላይ ቆሞ ምን አስለፈለፋት የሚባለው? ልጅህ ብትሆን ይህን ትላለህ?

ደግሞ «እነሱ እንዲህ ናቸው» ያልከው ሰውዬ፣ አንድ ሰባኪ ስለ እመቤታችን ወይም ስለ ታቦት የማትወደውን ነገር ሲናገር ስትሰማ ምን እንደምትል አውቃለሁ። «ምላሱን መቁረጥ ነበር» ትላለህ። ቡና እየጠጣህ፣ ልጆችህ እየሰሙ።

ምላስ መቁረጥ እኮ ለእኛ ወሬ ብቻ አይደለም። አድርገነዋል። በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉ መነኮሳት ነበሩ። ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው፣ ለንጉሥም ለሥዕልም ለመስቀልም አንሰግድም አሉ። ጸረ ማርያም ተባሉ። ምላሳቸውና አፍንጫቸው ተቆረጠ፣ በድንጋይ ተወገሩ። የተወገሩት የካቲት 2 ቀን ነው። በ38ኛው ቀን፣ መጋቢት 10፣ በዚያው ስፍራ ከሰማይ ብርሃን ታየ ተባለ። ንጉሡ ፈጣሪ ሥራዬን ወደደልኝ ብለው ተረጎሙት። ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ቦታውም ደብረ ብርሃን ተባለ። በዚያች ከተማ ስናልፍ ስንቶቻችን ነን ይህን የምናስታውሰው? የሶኮቶው ልጅ ክብሪቱን ሲያሳይ ፊቱ ላይ የነበረው እርካታ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ሰው የራሱን አገር ታሪክ ያንብብ።

ሌላም ንጉሥ ነበረን። የእስልምና ታሪክ እንደሚነግረን፣ የነቢዩ ተከታዮች ከመካ ሸሽተው አክሱም ሲገቡ የመካ ገዢ ጎሳ የነበሩት ቁረይሾች መልእክተኛ ልከው መልሱልን አሉ። ንጉሡ እምቢ ቢሏቸው፣ ዐምር የተባለው መልእክተኛ በማግስቱ ሌላ ዘዴ ይዞ መጣ። «ንጉሥ ሆይ፣ እነዚህ ሰዎች ስለ ኢየሱስ ከባድ ነገር ይናገራሉ፤ ባሪያ ነው ይላሉ» አለ። ክሱ ይህ ነው። ሃይማኖትህን ሰደቡ ነው። ንጉሡ ክርስቲያን ናቸው፣ ጳጳሳቱ በዙሪያቸው ተቀምጠዋል። ስደተኞቹን አስጠሩና ጠየቁ። የስደተኞቹ ቃል አቀባይ ጀዕፈርም አልደበቀም፤ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ፣ መንፈሱና ቃሉ ነው እንላለን አለ። ጳጳሳቱ አጉረመረሙ። ንጉሡ ግን ብታጉረመርሙም አሉና ስደተኞቹን ሂዱ፣ በአገሬ በሰላም ኑሩ አሏቸው። የቁረይሾችንም ስጦታ መለሱ።

ይህን ታሪክ በየበዓሉ፣ በየስብሰባው እናወራዋለን። ነጃሺ እንዲህ አደረገ እያልን ደረታችንን እንነፋለን። ንጉሡ ያደረጉትን ግን አናደርግም። እሳቸው ያልወደዱትን ቃል ሰምተው ተናጋሪውን ጠበቁ። ነገሩ ይኸው ነው። ዓለም ዛሬ በስንት ጉባኤ ተከራክሮ የደረሰበትም ከዚህ አይርቅም።

ጉባኤዎቹን ባጭሩ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ፓኪስታንና ሌሎች የእስልምና አገሮች ሃይማኖትን ማጉደፍ ይወገዝ የሚል ውሳኔ በተባበሩት መንግሥታት በየዓመቱ ያቀርቡ ነበር። በየዓመቱም ያልፍ ነበር፤ የደጋፊው ቁጥር ግን በኋላ እየቀነሰ መጣ። እ.ኤ.አ. በጥር 2011 የፓኪስታን የፑንጃብ ገዥ ሳልማን ታሲር በገዛ ጠባቂያቸው ጥይት ተገደሉ። ጥፋታቸው፣ አሲያ ቢቢ የምትባል ድሃ ክርስቲያን ሴት ነቢዩን ሰድበሻል ተብላ ሞት ሲፈረድባት ይህ ሕግ ልክ አይደለም ማለታቸው ነው። በመጋቢት ደግሞ ይህንኑ ሕግ የተቃወሙት የአገሪቱ ሚኒስትር ሻህባዝ ባቲ ተገደሉ። በዚያው መጋቢት ጄኔቫ ላይ የሰብአዊ መብት ምክር ቤት 16/18 የተባለውን ውሳኔ ያለ ድምፅ ልዩነት አጸደቀ። ሃይማኖትን ማጉደፍ የሚለው ሐሳብ ቀረ፤ በሃይማኖታቸው ምክንያት የሚገፉና የሚጠቁ ሰዎች ይጠበቁ ተባለ። በዚያው ዓመት ክረምት የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ኮሚቴ በአጠቃላይ ትንታኔ ቁጥር 34 ነገሩን አጠራው። ሃይማኖትን ሰደበ ብሎ መቅጣት ከዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ጋር አይሄድም። የሚከለከለው በሰዎች ላይ ጥላቻን፣ መድልዎን፣ ጥቃትን የሚቀሰቅስ ንግግር ነው።

መስጊድ አቃጥሉ የሚል ሰው ይጠየቅ። ቤተ ክርስቲያን አፍርሱ የሚልም ይጠየቅ። በ2010 ጅግጅጋ ላይ አብያተ ክርስቲያናት፣ በ2012 ሞጣ ላይ መስጊዶች ሲቃጠሉ ያየን ሰዎች ይህን ማንም ሊያስተምረን አይገባም። ስቶክሆልም ላይ ቁርኣን ያቃጠለውንም አልወድለትም፤ የሰው ልብ ለማቁሰል ብቻ የሚደረግ ነገር ነው። ግን አልወድለትም ማለትና ይገደል ማለት ምን አገናኛቸው?

አገራችን ያንን ቃል ኪዳን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 13 መብቶቻችን ከዓለም አቀፍ ሰነዶቹ ጋር ተጣጥመው ይተርጎሙ ይላል። አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ጄኔቫ ላይ በዚያው ምክር ቤት ወንበር ይዘናል። እዚህ ቤታችን ግን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 816 አሁንም አለ። በአደባባይ በሃይማኖት ያፌዘ፣ በፈጣሪ ወይም በሃይማኖት ምልክቶች ላይ የሰውን ስሜት የሚጎዳ ቃል የተናገረ በገንዘብ ወይም እስከ አንድ ወር በሚደርስ እስራት ይቀጣል። ጸሎት የሚያውከውን፣ ቤተ መቅደስ የሚያረክሰውን የሚቀጣ ሌላ አንቀጽ ስላለን እሱን አላልኩም።

አንድ ወር ምን አላት ትሉ ይሆናል። አንድ ወሯ አይደለም የምታስፈራኝ። ሕጉ ጥፋት ነው ካለ፣ ቅጣቱን የሚጨምርበት መንገድ ላይ ያለው ሰው ነው። ፓኪስታን ውስጥ ማርዳን ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 ማሻል ኻን የሚባለውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አብረውት የሚማሩ ልጆች ያሉበት መንጋ ደብድቦና ተኩሶ ገደለው። ሃይማኖት ተሳድቧል ብለው ነው። በኋላ ሲጣራ ምንም አልተገኘበትም። ሕጉ ይፈርዳል ብለው አልጠበቁም፤ ሕጉ ከእኛ ጋር ነው ብለው ግን አምነዋል።

እኛም ከዚያ የራቅን አይደለንም። ጥፋቱ የፓርላማው ብቻ አይምሰላችሁ። ሰባኪው ሲሳደብ እልል የምንለው እኛ ነን። የእኛ ሲሰድብ እውነት ተናገረ፣ የእነሱ ሲሰድብ ይታሰር የምንለው እኛ ነን። ልጆቻችን ከእኛ አፍ ነው የሚሰሙት።

ደክሞኛል ወገኖቼ። ስንት ጊዜ ይነገራል? ግን ተስፋ ልቁረጥ ስል ደግሞ አንዳንድ ነገር ይይዘኛል። አሲያ ቢቢን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ነፃ ናት ያሏት ሙስሊም ዳኞች ናቸው። ምን ሊመጣባቸው እንደሚችል እያወቁ። አንደኛው ዳኛ ነቢዩ ለሲና መነኮሳት ሰጥተዋል የሚባለውን ቃል ኪዳን ፍርዳቸው ላይ ጠቅሰዋል። የባውቺዋም ሴት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 በነፃ ተለቃለች። ዘግይቷል፣ ግን ሆኗል።

ቄሱ፣ ኡስታዙ፣ ፓስተሩ፣ እባካችሁ በዚህ ሳምንት ስብከታችሁ ላይ አንድ ነገር ጨምሩ። ሃይማኖታችሁን የሚሰድብ ስትሰሙ መልስ ስጡ፣ ካልሆነም ዝም በሉ፤ እጃችሁን ግን አታንሡ በሉ። እናንተን ይሰሟችኋል። የሕዝብ ተወካዮች ደግሞ አንቀጽ 816ን አንሡት። ከምርጫ በኋላ እንኳ ይሁን።

ይህን አንብቦ የሚቆጣኝ አይጠፋም። ይቆጣኝ። ይጻፍብኝ፣ ተሳስተሃል ይበለኝ፣ ሃይማኖቴን አልገባህም ይበለኝ። እመልስለታለሁ፤ እሱም ይመልስልኝ። አንዳችን ሌላውን ሳናሳምን ብንለያይ እንኳ ለዘንድሮ ይበቃኛል።