እርማት፦ ባለቤቱ ከባንኮኒው ቢነሳ ንግዱ አይረክስም

ወንድሜ፣ «ባለቤቱ ጠዋት ከፍቶ ማታ ካልዘጋ ንግዱ ዋጋ አይኖረውም» ያልከውን አነበብኩ። እዚህ አዳማ ብዙ ሰው የሚለው ነው። ግን ስህተት ነው። ስለ ስርቆት ከሆነ ግማሽ እውነት አለው፤ ተቆጣጣሪ የሌለው ካዝና ይሳሳል። ስለ ድርጅቱ ዋጋ ከሆነ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው።

በጅቡቲው መንገድ ዳር የከባድ መኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው አስብ። የዕቃው ሁሉ ዋጋ ያለው ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። በዱቤ የሚሰጡት አስመጪዎች የሚያውቁት የእሱን ስልክ ብቻ ነው። ሾፌሩም «ጋሼ የሉም?» ብሎ ይመለሳል። ልሽጥ ቢል ገዢው ምን ይገዛል? መደርደሪያና ዕቃ። ደንበኛውማ ከጋሼ ጋር ይሄዳል። (አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ይኮራል። እኔም ብሆን ሳልኮራ አልቀርም።)

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ የንግድ መደብር ሲል ዕቃውን ብቻ አይደለም፤ መልካም ዝናውንና የንግድ ስሙንም ይቆጥራል። ዝናው አንተ ላይ ከተሰፋ ግን ለሌላ ማስተላለፍ ይከብዳል። ልጅህ ቢወርሰውም ያው ነው።

መራቅ ማለት መጥፋት አይደለም። የዋጋ ዝርዝሩ ይጻፍ። አቅራቢዎቹ ሥራ አስኪያጁን ይወቁት። ቆጠራውና የባንክ ፊርማው አንተ ጋ ይቅር። ከዚያ ሁለት ሳምንት ሶደሬ ውረድና ስልክህን አጥፋ። ስትመለስ የትኛው ሥራ እንደቆመ ይታይሃል። ቀጥሎ ለሰው የምታስተምረው እሱን ነው።