ሜዳው ይቅደም

እኛ ዘንድ «አልሞ ተኳሽ» መባል ትልቅ ምስጋና ነው። በፉከራው፣ በሽለላው፣ በቀረርቶው የሚወደሰው ተኳሹና መሣሪያው ነው፤ ምንሽሩ፣ አልቢኑ፣ ቤልጅጉ እንደ ሰው በስሙ ይጠራል። ጥይቱ አልፎ የት እንዳረፈ ግን አይወራም። አሜሪካ ውስጥ በሽጉጥ ረጅም ርቀት መተኮስን ስፖርት ብለው የያዙትን ሰዎች ቀርቦ ያስተዋለ ሐበሻን የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ከመሣሪያው አብልጠው የሚጨነቁት ለሜዳው ነው፦ ከዒላማው ጀርባ ስላለው አፈር፣ ስለ ነፋሱ፣ ማንም ሳይፈቀድለት ስለማያልፈው መስመር። ጨዋታው ባሕር ዳር ላይ ቢታሰብም መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ሜዳ ነው።

ጨዋታው የተወለደው ሜክሲኮ ነው። ድሮ በሕይወት ያለ እንስሳ እየታሰረ ይተኮስበት ነበር፤ ኋላ በብረት ቅርጽ ተተካ። ለሽጉጥ ብቻ የቆመው ዓለም አቀፍ ማኅበር በ1976 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተመሠረተ። በትልቁ የሽጉጥ ውድድር የዶሮ ቅርጽ በ50 ሜትር፣ የከርከሮ በ100፣ ተርኪ የሚባለው ትልቅ ወፍ በ150፣ የአውራ በግ በ200 ሜትር ይቆማል። አምስት አምስት ሆነው ይደረደራሉ፤ ተኳሹ ከግራ ወደ ቀኝ በተራ ይመታል። ለማጉረስ 30 ሰከንድ፣ ለአምስቱ ጥይት 2 ደቂቃ አለው። ሙሉው ውድድር 40 ጥይት ነው። ቅርጹ ተመትቶ ካልወደቀ ነጥብ የለም። በጉ ከ20 ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት ስለሆነ ቀላል ጥይት ወይም እግሩ አካባቢ ያረፈ ጥይት አስጩሆት ብቻ ያልፋል፤ በጉም እንደቆመ ይቀራል።

የባሕር ዳር ሰው 200 ሜትርን ለመገመት ሩቅ መሄድ የለበትም። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ ግማሹን ወስዶ 10 ሜትር መጨመር ነው። በዚያ ርቀት ሽጉጥ ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነ ሒሳቡ ይናገራል። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያው በ25 ሳንቲ ሜትር ቢራራቅና አሰላለፉ በ1 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ፣ ጥይቱ 200 ሜትር ላይ በ80 ሳንቲ ሜትር ይስታል። የበጉ ሙሉ ርዝመት ያንኑ ያህል ነው። ማነጣጠሪያዎቹ 38 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚራራቁበት ክላሽ ላይ ያው ስሕተት ወደ 53 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ክላሽ የለመደ እጅ ሽጉጥ ሲይዝ የሚያፍረው ለዚህ ነው። ዓይን የፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ ጥርት ብሎ መቀመጥ አለበት፤ በጉ ቢደበዝዝ ግድ የለም። ጀማሪ ግን በጉን ጥርት አድርጎ ሊያይ ይፈልጋል፤ ያኔ ማነጣጠሪያው ሳይታወቀው ይዛነፋል።

አተኳኮሱም እንደ ሲኒማ አይደለም። ብዙዎቹ በጀርባቸው ተጋድመው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ሽጉጡን ከባታቸው ጎን አስደግፈው ይተኩሳሉ። ሪቮልቨር የያዘ ሰው እግሩ ላይ ወፍራም ቆዳ ያስራል፤ ጥይት ከሚይዘው ተሽከርካሪ ክፍልና ከበርሜሉ መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት የሚፈነዳው ትኩስ ጋዝ ሱሪ ይቀድዳል፣ ሥጋም ያቆስላል። በ1967 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው ኮንቴንደር የሚባለው አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ሽጉጥ ይህ ክፍተት የለውም፤ በዚህ ስፖርትም እጅግ ተወዷል።

የሚበዛው ስሕተት የሚመጣው ከነፋስ ሳይሆን ከድንጋጤ ነው። ጥይቱ ከመፈንዳቱ በፊት እጅ ጥብቅ ይላል፣ አፈሙዝ ወደ ታች ይጠልቃል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ጓደኛ ሪቮልቨሩን ያጎርስና ሁለት ሦስቱን ቀዳዳ ባዶ ይተዋል፤ ተኳሹ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ባዶው ላይ ምላጩ ሲሳብ አፈሙዙ ከወረደ በሽታው ታወቀ። መድኃኒቱ ባዶ ሽጉጥ ደጋግሞ መሳብና ጆሮን በሚገባ መሸፈን ነው። ማግነም የሚባለው ኃይለኛ የሽጉጥ ጥይት ድምፅ 160 ዴሲቤል ገደማ ስለሆነ ውስጥ ውታፍ፣ ላይ ደግሞ ሽፋን ይደረጋል። መነጽርም ግዴታ ነው፤ ብረቱ በጥይት ጎድጉዶ ከሆነ የርሳስ ፍንጣሪ ወደ ተኳሹ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ዒላማ ይነሣል እንጂ «ለዛሬ ይበቃል» አይባልም።

በጣና ዳር ሒሳቡ ይለወጣል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ ጥይቱን የሚይዘው ነገር ይቀንሳል፤ ባሕር ጠረፍ ላይ ለ200 ሜትር የተስተካከለ ማነጣጠሪያ እዚህ ከፍ አድርጎ ይመታል። በ50 ሜትር ልዩነቱ አይታወቅም። ነፋሱም የራሱ ሰዓት አለው፦ ጠዋት ሐይቁ ረጋ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ከውሃው ወደ ምድር ይነፍሳል። ጀልባ ነጂዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ባሕር ጠረፍ ላይ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ የፎርቲ ፎር ማግነምን ጥይት 200 ሜትር ላይ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ይገፋዋል፤ የጣና ዳር ሳሳ ያለ አየር የነፋሱን ግፊት ቢቀንሰውም አያስቀረውም። ውጭ አገር ጨርቅ ይሰቅላሉ፤ እዚህ የሐይቁ ዳር ደንገል አናት ሲያዘነብል ማየት ያንኑ ይነግራል።

ሆኖም «ሐይቁ ገላጣ ነው፤ ወደዚያ ቢተኮስ ማንን ይነካል» የሚል ሐሳብ ከሁሉ የከፋ ነው። ውሃ ጥይት አያስቀርም። ተንጋዶ የገባ ጥይት ልጆች እንደሚወረውሩት ጠፍጣፋ ድንጋይ እየነጠረ ይሄዳል፤ ወዴት እንደሚሄድም አይታወቅም። ታንኳው ላይ ያጎነበሰ ዓሣ አስጋሪ ከደንገሉ ተለይቶ አይታይም፤ ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ የሚመላለሱ ጀልባዎችም አሉ። ሜዳ ማለት ከሰው ቁመት እጥፍ የሚበልጥ የአፈር ቁልል ማለት ነው፤ አፈሩም ድንጋዩ የተለቀመ መሆን አለበት። የአካባቢው ጥቁር ድንጋይ ጥይት መላሽ ስለሆነ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም።

ከሁሉ የሚያስቀና ነገር ግን ጸጥታው ነው። አሜሪካ ሜዳ ላይ ዒላማ ሊያቆም የሚሄድ ሰው ካለ፣ መሣሪያው ሁሉ ባዶ ሆኖ፣ ቀለም ያለው ፕላስቲክ በጥይት ማጉረሻው ላይ ተሰክቶ ይቀመጣል፤ ሰው ሁሉ እስኪመለስ ማንም አይነካውም። ሀብታምም ይሁን የጦር መኮንን፣ የሜዳው ኃላፊ «አቁም» ካለ ያቆማል። እኛ ዘንድ በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኮሰው ጥይት ተመልሶ እንደሚወርድ እያወቅን ዝም እንላለን። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ደግሞ ተኩስ ሲሰማ እናት ልጆቿን ወደ ውስጥ ትሰበስባለች። ይህን ያየ ሰው ባሕር ዳር ላይ ዛሬውኑ የማግነም ውድድር ይጀመር አይልም።

በነገራችን ላይ፣ ከአገር ቤት በጎብኚ ቪዛ የመጣን ዘመድ «ና እንተኩስ» ብሎ ወደ ሜዳ መውሰድ አሜሪካ ውስጥ ወንጀል ሊሆን ይችላል። የአደን ፈቃድን የመሰለ በሕግ የታወቀ ምክንያት ከሌለው በቀር በጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰው መሣሪያም ጥይትም መያዝ አይፈቀድለትም።

ከሜዳው ልማድ አንድ ነገር ግን ለእኛ መስተካከል አለበት። ከተኳሹ ጎን በቴሌስኮፕ የሚያይ ጓደኛ ተቀምጦ ጥይቱ የት እንዳረፈ በሰዓት ቁጥር ይነግረዋል፤ «ሦስት ሰዓት ላይ» ማለት በስተቀኝ ነው። ከእኛ አንዱ ሰዓቱን በሐበሻ ይሞላል፣ ሌላው በፈረንጅ ሞልቶ በሐበሻ ያነባል፤ ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነውና ቀኙ ግራ ይሆናል። «ቀኝ»፣ «ግራ»፣ «ላይ»፣ «ታች» ማለት ይሻላል።

ዛሬ ለባሕር ዳር የሚመጥነው በር የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ነው፤ የኦሊምፒክ ስፖርት ነው፣ አዳራሽ ይበቃዋል፣ ጎረቤት አያስደነግጥም። ከሁሉ በፊት ግን ስለ ፈቃዱ በመሣሪያ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፖሊስን መጠየቅ ግድ ነው። ጥይቱ 4.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ የዒላማው 10 ነጥብ ክብ ስፋት 11.5 ሚሊ ሜትር፣ ሽጉጡ ከ1.5 ኪሎ አይበልጥም፣ ምላጩም ከ500 ግራም ባነሰ ኃይል መሳብ የለበትም። ውድድሩ 60 ጥይት በ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው፤ የሚተኮሰው በአንድ እጅ ነው። ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥይት አያስፈልገውም፤ ባዶ ግድግዳ ፊት ቆሞ ምላጩን ይሳብ፣ የፊተኛው ማነጣጠሪያ ንቅንቅ ማለቱን ይመልከት። ቀጥሎ ምንም ምልክት የሌለበት ነጭ ወረቀት ይተኩስ። ጥይቶቹ አንድ ቦታ መሰብሰብ ሲጀምሩ ጥቁሩ ክብ ይሰቀልለት።